ምንጣፉን የረገጠው ዘበኛ

እስቲ ተቀመጡ። ቆሞ የሚሰማ ሰው ልቡ መንገድ ላይ ነው። ቁርስ ያልበላችሁ ብሉና ተመለሱ፤ እኔ የትም አልሄድም። ብርጭቆ የያዘ ሰው ካለ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥልኝ። ንፋሱ ዛሬ በረታ አይደል? እኛ ሰፈር ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ነው ያደረው። ይሁን፤ እስኪረግብ ድረስ ስለ አንዲት አገርና ስለ ባሌ ስለ ዘርጋው ላውራችሁ።

አገሪቱ ስም የላትም። ስም እንዲያወጣላት የተሰየመው ጉባኤ ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ ይሰበሰባል፤ እስካሁን የተስማማው በሻይ ሰዓት ላይ ብቻ ነው። ስም ባይኖራትም ግን መስኮት አላት። በየቤቱ መንግሥት የሰጠው አንድ መስኮት አለ። ይህ መስኮት የራስን ደጅ አያሳይም። ፀሐይ ስትጠልቅ ይበራና ኮረብታው ላይ የተሠራውን ትልቁን ቤት ያሳያል። በትልቁ ቤት ተጫዋቾች የአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ታሪክ ይጫወታሉ፤ ሕዝቡም እራቱን ይዞ ያያል። ታሪኩ መቼ እንደተጀመረ የሚያስታውስ የለም። መቼ እንደሚያልቅ መጠየቅ ደግሞ ያስቀጣል።

ትልቁ ቤት ሳሎን ብቻ ነው። ወደ ፎቅ የሚወስድ ደረጃ አለው፤ ፎቅ ግን የለውም። ደረጃውን የወጡ ተጫዋቾች ጫፉ ላይ ቁጢጥ ብለው ተራቸው እስኪደርስ ይጠብቃሉ። ሳሎኑ መሐል ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ምንጣፉ ላይ ሶፋ አለ፤ ሶፋው ፊት ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ማንም ጠጥቶ የማይጨርሰው የብርቱካን ጭማቂ። ባለጸጎቹ ሥራቸው ምን እንደሆነ አይታወቅም። ጠዋት በመኪና ይወጣሉ፣ ማታ በመኪና ይገባሉ፣ ከገቡ በኋላ ይተያያሉ። አንዷ "አንተ እኮ..." ትላለች። አንዱ "እኔ ምን?" ይላል። ሙዚቃ ይገባል፤ እንደገና ይተያያሉ። ለዚህ ሥራ የመተያየት ሹም የሚባል ሰው አለ። የአሸዋ ሰዓት ይዞ መጋረጃ ጀርባ ይቀመጣል፤ አሸዋው ሳያልቅ የተነፈሰ ተጫዋች እራቱን አያገኝም።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ የመሐረብ ሥርዓት አለ። እያንዳንዱ ቤት ማታ ያለቀሰበትን መሐረብ አጥሩ ላይ ያሰጣል። ጨው ቀማሽ የሚባል ሹም በየሰፈሩ እየዞረ መሐረቡን በምላሱ ጫፍ ይቀምሳል። ጨው ያለው መሐረብ የታማኝ ቤት መሐረብ ነው። ጨው የሌለው ከሆነ አባወራው ይጠራና "ምን በደልንህ?" ተብሎ በትሕትና ይጠየቃል። በትሕትና ተጠይቆ የተመለሰ ሰው ከዚያ በኋላ ሳያዝንም ያለቅሳል።

ተጫዋቾቹ ሁለት ወገን ናቸው፤ አስለቃሾችና አስቂኞች። ማን ወዴት እንደሚመደብ የሚወስነው ፊት ነው። ባሌ ዘርጋው በወጣትነቱ የሄደው አስለቃሽ ሊሆን ነበር። እናቱ ስትሞት የወረደላትን ሙሾ ለመዳቢዎቹ ሊያሰማ ፊታቸው ቆመ። ጆሮዎቹ ትልልቅ ነበሩ፤ ሲያዝን ደግሞ ይቀላሉ። ገና አፉን ሳይከፍት መዳቢዎቹ በሳቅ ወደቁ። "ዘበኛ!" አሉ፤ በዚያው ቀረ።

የአስቂኝ ሕግ ብዙ ነው። አስቂኝ በታሪኩ ውስጥ ስም የለውም፤ ዘበኛው፣ ሠራተኛዋ፣ ከገጠር የመጣው ዘመድ ይባላል እንጂ። አስቂኝ ልጅ የለውም። አስቂኝ አይታመምም፤ ቢታመምም በሚያስቅ ቦታው ነው የሚያመው። አስቂኝ ብቅ ካለ አንድ ነገር መውደቅ አለበት፤ ወይ ትሪ፣ ወይ ቆብ፣ ወይ ራሱ። ሲወድቅም የሳቅ ዳኛ የሚባለው ሹም ቃጭል ያንቃጭላል፤ ሕዝቡ መሳቅ የሚፈቀድለት ያኔ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የአስቂኝ እግር ቀዩን ምንጣፍ አይረግጥም። ምንጣፉን ባላምባራስ ውብሸት የሚባሉ የምንጣፍ ሹም ይጠብቁታል። ብሩሽ ይዘው ጠርዝ ጠርዙን ይሄዳሉ፤ ማታ በጉልበታቸው ተንበርክከው ዱካ ይመረምራሉ። አንድ ጊዜ ዱካ አግኝተው አገር ተተራምሶ ነበር፤ በኋላ ሲጣራ የራሳቸው ጉልበት ሆኖ ተገኘ።

ዘርጋው የትልቁ ቤት ዘበኛ ሆኖ ዕድሜውን ጨረሰ። ማታ መኪና ጥሩምባ ይነፋል፤ ዘርጋው ይሮጣል፤ ቆቡ ይወድቃል፤ ሊያነሳው ሲያጎነብስ በሩ ይመታዋል፤ በሩ ይከፈታል፤ መኪናው ይገባል። ጌታው ከመስታወቱ ብቅ ብለው "ጎበዝ!" ሲሉት፣ "በሩ ራሱ ነው የተከፈተው፣ እኔማ ምን አቅም አለኝ!" ይላል። ቃጭሉ ይንቃጨላል፤ አገሩ ይስቃል። ያቺን አንዲት ንግግር ሰው ሰርግ ላይ ይላታል፣ ችሎት ላይ ይላታል። አንዲት አዋላጅ ሳትቀር ልጅ ይዛ ስትወጣ ብላታለች አሉ። ዘርጋው በአገሪቱ ከትልቁ ቤት የበላይ አዛዥ ከሊቀ ሳሎኑ ቀጥሎ የታወቀ ሰው ነበር። ከበሩ ወዲያ ግን አንድም ቀን አልገባም።

ልጃችን ናሁሰናይ ጎረቤት አገር ድንጋይ ሊፈልጥ ሄዶ ገደል ተናደበት። ወሬው የደረሰው ለዘርጋው ነው፤ በሥራ ላይ፣ በሩ ዘንድ ቆሞ። ማታውን እንደ ወትሮው ሮጠ፤ ቆቡ ወደቀ፤ አገሩ ሳቀ። ጠዋት ወደ ቤት መጣ። እኔ ምስር እየለቀምኩ ነበር። አጠገቤ ቁጭ አለና ከሰፌዱ ላይ ጠጠሩን አብሮኝ ይለቅም ጀመር። ቁርስ በልቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ስለ ጎረቤታችን ፍየል አወራ፤ ስለ ንፋሱ አወራ። ምስሩ ሲያልቅ ሰፌዱን ከእጄ ወስዶ ራቅ አድርጎ አስቀመጠው። ሁለቱንም እጆቼን ያዘ። ከዚያ ነገረኝ። እጆቼ ባዶ ስለነበሩ ምንም አልደፋሁም፤ የያዝኩት እሱን ብቻ ነበር።

ለቅሶው ላይ አንድ ጎረቤት ድንኳኑን ገልጦ ሲገባ ዘርጋው ከመቀመጫው ተነስቶ ተቀበለው። ሰውዬው አፉ አመለጠውና "በሩ ራሱ ነው የተከፈተው!" አለ። ድንኳኑ ሙሉ ሳቀ። ዘርጋውም ልማድ ሆኖበት እጁን ወደ ራሱ ሰደደ፤ ቆቡ የወደቀ መስሎት።

ከዕለታት አንድ ቀን ከገበያ ጨው ጠፋ። ሊቀ ሳሎን ግዛቸው ወጥ አልጫ ሆኖ ቀረበላቸውና ተቆጡ። ነገሩ ሲጣራ ሕዝቡ ማልቀስ ከተወ ቆይቷል። ማታ መስኮቱ ፊት እያዛጋ ይተኛል፤ ጠዋት መሐረቡን በጨው ውሃ ነክሮ ያሰጣል። እንዲያውም አንድ ቤት ቸኩሎ የወጥ ማንኪያ የጠረገበትን መሐረብ ሰቅሎ ኖሮ፣ ጨው ቀማሹ በበርበሬ ተቃጥለው ለብዙ ቀን በእጅ ምልክት ነበር የሚሠሩት። መሐረቡ ግን "እጅግ ታማኝ" ተብሎ ተሸልሟል።

ጉባኤ ተጠራ፤ ሳሎኑ ውስጥ፣ ምንጣፉ ላይ። አስለቃሾቹ ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ዘርጋውና ሠራተኛዋን የምትጫወተው ስንዱ ከምንጣፉ ጠርዝ ውጭ፣ በሩ ሥር ቆሙ።

"ሕዝቡ ለምን አያለቅስም?" አሉ ሊቀ ሳሎን።

"ሞት አንሶበት ይሆናል፣" አሉ የመተያየት ሹሙ።

"በቅርቡ እንኳ አያትየዋን ሁለት ጊዜ ገድለናል።"

"እንግዲያው ጌታው መንታ ወንድም ይኑራቸው።"

"አላቸው እኮ።"

"ሌላ ይጨመርላቸው።"

ይህ በጭብጨባ ጸደቀ።

በዚያን ሰሞን በታሪኩ ውስጥ የጌታው ልጅ በሰው አገር ሞቷል። የሞተበት ምክንያት ልጁን የሚጫወተው ሰው ከሊቀ ሳሎን ጋር በምሳ ሰዓት መጣላቱ ነው። መሞቱን እህቱ ታውቃለች፣ እጮኛው ታውቃለች፣ የቤተሰቡ ሐኪም ያውቃል፣ አገሩ በሙሉ ያውቃል። የማያውቁት አባትየው ብቻ ናቸው። አንዱ ሊነግራቸው ይገባል፤ "አባባ..." ይላል፤ ሙዚቃ ይመጣል፤ ይተያያሉ፤ ይወጣል። ገብስ ተዘርቶ ታጭዷል፣ ሰውዬው አልሰሙም። በመጨረሻ ሐኪሙ ገብቶ እንዲነግራቸውና የጭማቂው ብርጭቆ ከእጃቸው እንዲወድቅ ተወሰነ። ብርጭቆው በየትኛው ጎኑ ይውደቅ የሚለው ላይ ክርክር ሲጀመር ዘርጋው ከበሩ ሥር እጁን አወጣ።

"ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልናገር?"

"አንተ ስትናገር ምን ይወድቃል?" አሉ ሊቀ ሳሎን፤ ሕጉን ማስታወሳቸው ነው።

"ካስፈለገ እኔው እወድቃለሁ። ጌታዬ፣ የተቸገራችሁት መርዶ ነጋሪ አጥታችሁ ነው። ለጌታው እኔ ልንገራቸው።"

የሳቅ ዳኛው አንቃጨሉ። ጉባኤው ሳቀ። ዘርጋው ሳቁ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ፤ መጠበቅ ይችልበት ነበር።

"በየትኛው እግርህ ነው ምንጣፌን የምትረግጠው?" አሉ ባላምባራስ ውብሸት ብሩሻቸውን ጨብጠው።

"በሁለቱም ጌታዬ። አንዱን ብቻውን ብልከው ይደነግጣል።"

እንደገና ተንቃጨለ። ስንዱ ትሪዋን ደረቷ ላይ ይዛ፣ "ኧረ ጋሼ ዘርጋው የምሩን ነው!" አለች። ለእሷም ተሳቀላት።

"በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ፣" አለ ዘርጋው። "ልጁ ሲወጣ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ወሬ ቀድሞ የሚደርሰው በር ላይ ነው። ደግሞ ሕዝቡ ያውቀኛል፤ ሲስቅብኝ ኖሯል። ሰው ሲስቅ ደረቱ ይከፈታል፤ ያኔ ነው ሌላም ነገር የሚገባው። እናንተ የተቆለፈ በር ነው ስትገፉ የምትውሉት። ሐኪሙ ቢናገር ማን ያለቅሳል? የሚወደው የለም። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ በታሪኩ ውስጥ እናቱም አትወደውም።"

"እኔ እወደዋለሁ፣" አሉ ሊቀ ሳሎን። "የእህቴ ልጅ ነው።"

"ይቅርታ ጌታዬ። ያም ሆኖ ብርጭቆውን ለምን ታስይዟቸዋላችሁ? መርዶ የሚነገረው ሰው እጁ ባዶ መሆን አለበት። ቁርስ ይብላ፤ ይቀመጥ፤ ስለ ሌላ ነገር ይወራለት፤ የያዘው ይወሰድለት። ከዚያ ነው።"

"ብርጭቆው ካልወደቀ ሕዝቡ ሰውዬው ማዘናቸውን በምን ያውቃል?"

"በፊታቸው ነዋ።"

ሁሉም ዞሮ ጌታውን የሚጫወቱትን አቶ ልዑልሰገድን አያቸው። አቶ ልዑልሰገድ በአገሪቱ አንደኛ አስለቃሽ ናቸው። ፊታቸውን ለብዙ ዘመን ሳይጠቀሙበት ስለቆዩ አፍረው ወደ ጭማቂው አጎነበሱ።

ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ። "ጥያቄው የአስቂኝ ሆኖ ስለተገኘ ተስቆበት ተዘግቷል።" ዘርጋው ግን ለአገሩ ስለተቆረቆረ ማበረታቻ ተደረገለት፤ ከዚያ ማታ ጀምሮ ቆቡ ሁለት ጊዜ እንዲወድቅ ተፈቀደ።

ሁለት ጊዜ መውደቅ ማለት ሁለት ጊዜ መሮጥ ነው። ዘርጋውን በዚያን ጊዜ ደረቱን ያመው ነበር። የኛ ሰፈር ሐኪም፣ እውነተኛው፣ "አትሩጥ" ብሎታል። ትልቁ ቤት ደግሞ ዘበኛ አይታመምም ብሏል። ሁለት መንግሥት መሐል የተያዘ ሰው ሆነ። አንድ ቀን ግድግዳውን ይዞ ሲገባ አላስቻለኝም።

"ተወው እንጂ ዘርጋው። ሳሎን መግባት ምን ያደርግልሃል? እኛ ቤትም ሳሎን አለ።"

"የኛ ምንጣፍ አያስፈራም።" ተቀመጠ፤ ጫማውን አወለቅሁለት። "ትርፌ፣ ያን ጊዜ ላንቺ ስነግርሽ... አበላሽቼ ነበር?"

"አላበላሸህም።"

"እንግዲያው በዚህ ዓለም አንድ ነገር በደንብ ሠርቻለሁ። ያየሽው ግን አንቺ ብቻ ነሽ። አንድ ቀን ቆቤን ንፋስ ሳይጥለው እኔው አውልቄው መግባት እፈልጋለሁ። ሌላ ነገር አልጠይቅም።"

"ያባርሩሃል እኮ።"

"ሊያባርሩኝ ሲያስወጡኝ በሩን ማን ይከፍትላቸዋል?"

ሳቅሁ። በዘርጋው ንግግር ቃጭል ሳይንቃጨል የሳቅሁ በአገሪቱ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

መርዶው ይነገራል የተባለበት ማታ ደረሰ። እኔ እቤቴ መስኮቴ ፊት ነበርኩ፤ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። በታሪኩ ውስጥ ጠዋት ነው። አቶ ልዑልሰገድ ብርጭቆውን ይዘው ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሐኪሙን ይጠብቃሉ። ሐኪሙ አልመጣም። የሊቀ ሳሎን የእህት ልጅ በዚያች ሰዓት ሌላ ቦታ የገላ ሳሙና እያሞገሰ ነበር፤ ሳሙናው የተሻለ ስለሚከፍል ታሪኩ ይጠብቀኝ ብሏል አሉ። አቶ ልዑልሰገድ ጠበቁ። የሚተያዩት ሰው ስለሌለ ከመጋረጃው ጋር ተያዩ። ሙዚቃው አለቀና እንደገና ተጀመረ። አሸዋው አለቀ። በየቤቱ ሰው እግሩን ዘርግቶ ማዛጋት ጀመረ።

ዘርጋው በሩ ላይ ቆሟል። አየሁት፤ ቆቡን አወለቀ። አጣጥፎ የበሩ ምሰሶ ላይ አኖረው። ጆሮዎቹ ቀልተው ነበር። ከዚያ በቀስታ፣ ሳይሮጥ፣ ገባ።

ባላምባራስ ውብሸት ካሉበት ብድግ አሉ። ነገር ግን ሹም በመስኮት መታየት ክልክል ነው። ስለዚህ በሆዳቸው ተኝተው የምንጣፉን ጫፍ ያዙና ከዘርጋው እግር ሥር ይጎትቱት ጀመር። እኛ የምናየው ምንጣፉ ራሱ ሲሸሽ ነው። ዘርጋው አንድ እግሩን ሲያነሳ ምንጣፉ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሌላውን ሲያነሳ ወደ ኋላ ይሄዳል። እየተራመደ ባለበት ቆመ። የሰፈሩ ቤት ሁሉ ሲስቅ በግድግዳዬ ሰማሁ። በመጨረሻ ተደናቅፎ ሄደና ሶፋው ላይ፣ ከጌታው አጠገብ፣ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። አገሩ ሆዱን ያዘ።

ዘርጋው ሳቁ እስኪያልቅ አልጠበቀም። ገና ሰው አፉን ከፍቶ እንዳለ፣ "ጌታዬ፣ ቁርስ በልተዋል?" አላቸው።

አቶ ልዑልሰገድ ይህ በታሪካቸው ስለሌለ የእውነታቸውን መለሱ። "በልቻለሁ።"

"ንፋሱ በረታ። የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባሁት።"

"ጥሩ አደረግህ።"

"ትንሹ ጌታ ሲገቡ ይጮህባቸው ነበር። 'ይህን በር አንድ በለው' ይሉኝ ነበር። ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ።" ብርጭቆውን ከእጃቸው ወሰደና ራቅ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሁለቱንም እጆቻቸውን ያዘ። "አሁን ቀባሁት፣ ጌታዬ። ከእንግዲህ ግን በሩን ለእሳቸው አልከፍትም።"

አቶ ልዑልሰገድ አላዩትም፤ መተያየቱን ረሱት። ትከሻቸው ወረደ። አፋቸው ተጣመመ፤ አፍንጫቸው እንደማንኛውም ሰው አፍንጫ ሆነ። "ዘርጋው፣" አሉ። በታሪኩ ውስጥ አስቂኝ በስሙ ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። "ዘርጋው፣ ልጄን?"

"አዎ ጌታዬ።"

የሳቅ ዳኛው ጭንቅ ያዛቸውና ቃጭሉን አንቃጨሉ። ደጋግመው አንቃጨሉ። የሳቀ አልነበረም። በግድግዳዬ በኩል የሰማሁት ሌላ ድምፅ ነው፤ ከናሁሰናይ ድንኳን ያጣሁትን ድምፅ በዚያ ማታ ከየቤቱ ሰማሁት።

ጠዋት አጥር ሁሉ በመሐረብ ተሸፈነ። መሐረብ ያጣ ነጠላውን ሰቅሏል፤ ነጠላ ያጣ ትራሱን። ጨው ቀማሹ ከመጀመሪያው አጥር ላይ ቀምሰው ቆሙ። "ይህ ጨው ከገበያ አይደለም፣" ብለው ተቀመጡ፤ ሁለተኛውን መቅመስ አልቻሉም። የሽሮ ጨው በየሱቁ ተትረፍርፎ ዋለ።

ትልቁ ቤት ደስ አለው እንዳትሉ። ጉባኤው ምንጣፉን አስነጥፎ ተቀመጠና በአስቂኝ ምክንያት የፈሰሰ እንባ እንደ ላብ እንዲቆጠር ወሰነ። መሐረቦቹ ታጥበው በደንቡ መሠረት እንደገና እንዲለቀስባቸው ታዘዘ። ምንጣፉ ለመንጻት በፀሐይ ተሰጣ። አቶ ልዑልሰገድ ሜዳሊያ ተሸለሙ፤ ሊቀ ሳሎን ሲያጠልቁላቸው "ያለ ብርጭቆ ያዘነ ብቸኛው ጌታ" አሏቸው። የዘርጋውን ቆብ ባላምባራስ ውብሸት በብሩሽ እየገፉ ከምሰሶው አወረዱት። ዘርጋው ተሰናበተ።

"ታዲያ በሩን ማን ከፈተላቸው?" አልኩት ሲመጣ።

"እኔው ነኝ፣" አለ። "ሊከፍቱ ሲታገሉ አሳዘኑኝ። ስወጣ ራሴ ከፍቼ፣ ራሴ ዘጋሁላቸው።" ደረቱን ይዞ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። በር በሩን እያየ፣ እጁ በእጄ ውስጥ ሆኖ ነው የሄደው።

አሁን የአገሪቱን የመጨረሻ ሕግ ልንገራችሁ። አስቂኝ አይሞትም። አስቂኝ ሲሞት ዘመድ ጥየቃ ይሄዳል። በማግስቱ ማታ ስንዱ በመስኮቱ ብቅ ብላ "ዘበኛችን እኮ ዘመድ ጥየቃ ሄደ!" እንድትልና ትሪ እንድትጥል ታዘዘች። ትሪውን ጣለችው፤ ቃሉ ግን ከአፏ አልወጣም። ሌላ ሰው በእሷ ፈንታ ከመጋረጃ ጀርባ ተናገረ። ለአንድ ወጣት ቆቡን አጠለቁለት፤ ጆሮውን በጥጥ አሳበጡለት። "በሩ ራሱ ነው የተከፈተው!" አለ። ቃጭሉ ተንቃጨለ፤ አገሩም ሳቀ።

ሰው እኔን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጥቁሬን እያየ "ዘርጋው መቼ ይመለሳል?" ይለኛል፤ ይስቃል። ድንኳን ብተክል "ምን አዲስ ጨዋታ ነው?" ብለው ይመጣሉ ብዬ ፈራሁ። የመጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አቶ ልዑልሰገድ ሜዳሊያቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው መጡ። በር ከፍተው ስለማያውቁ ደጅ ቆመው ጠበቁ፤ ወጥቼ ከፈትኩላቸው። ተቀምጠው ምንም አልተናገሩም፤ እንደ ሰው ዝም አሉ እንጂ እንደ ሳሎኑ አልተያዩም። ሲወጡ በሩን ራሳቸው ሞከሩት። ተከፈተላቸው።

ሁለተኛዋ ስንዱ ናት። "እትዬ ትርፌ፣" አለችኝ፣ ዓይኗ አብጦ፣ "ይህ ሁሉ ሰው ጋሼ ዘርጋውን ይወደዋል እኮ። ሳይነገረው ሊኖር ነው? ማን ይንገረው?"

እኔ መስኮት የለኝም፤ ያለኝ ሰው እኔን የሚያይበት ሳይሆን እኔ የማይበት ነው። ምንጣፍም የለኝም። መጻፍ ግን እችላለሁ። መርዶ እንዴት እንደሚነገርም አውቃለሁ፤ ከሚያውቅ ሰው ነው የተማርኩት። ሰውን ከመንገድ ላይ አያስቆሙትም። ቁርስ መብላቱን ይጠይቁታል። ያስቀምጡታል። ስለ ንፋሱ ያወሩለታል፤ ስለ ሌላ አገር ያወሩለታል፤ ካስፈለገ ጥቂት ያስቁታል። በእጁ የያዘውን ያስቀምጡለታል።

እንግዲህ በልታችኋል። ተቀምጣችኋል። እጃችሁም ባዶ ነው። እጃችሁን ስጡኝ።

ዘርጋው ዘመድ ጥየቃ አልሄደም።